ድሬ ላይ ባሚያ፣ ሐረር ላይ እንጆሪ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የጓሮ አትክልት

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ከቤቴ ጀርባ አራት ሜትር በአምስት ሜትር የምትሆን ቦታ አለችኝ። እስካሁን ቃሪያ፣ ቆስጣና ጤና አዳም ነበር የምተክልባት። ዘንድሮ ውጭ አገር ያለችው እህቴ የብሮኮሊ፣ የብሉቤሪ፣ የባሚያና የከርከዴ ዘር ልትልክልኝ ነው። ጎረቤቴ ደግሞ የድራጎን ፍሩት ቁራጭ እሰጥሻለሁ ብላኛለች። ሁሉንም ለመሞከር ጓጉቻለሁ፤ ባለቤቴ ግን «ውሃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ሁሉ ምን ያደርግልሻል?» ይለኛል። የትኛው ይሆንልኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ባለቤትሽ ያነሳው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ከእሱ እንጀምር። ድሬ ላይ አዲስ ተክልን የሚያኖሩትም የሚገድሉትም ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሌሊቱና ውሃው።

ሰው ሁሉ የሚያማርረው የቀኑን ፀሐይ ነው። ለፀሐይ ግን መላ አለው፤ የጥላ መረብ ወይም ያረጀ አጎበር ከላይ ይዘረጋለታል። ለሌሊቱ መላ የለውም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ግንቦትና ሰኔ ላይ ሌሊቱም አይበርድም። የለመድነው ቲማቲም እንኳ ሌሊቱ ከ21 ዲግሪ በታች አልወርድ ሲል አበባውን ያራግፋል፤ ብዙ ሰው በሽታ መስሎት መድኃኒት ይረጭበታል። ስለዚህ አዲስ ዘር እጄ ሲገባ መጀመሪያ የማጣራው፣ ተክሉ የበቀለበት አገር ሌሊቱ ሞቃት መሆን አለመሆኑን ነው። ውሃችንን ደግሞ ታውቂዋለሽ። ማንቆርቆሪያሽ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ኖራ ነው፤ ያው ኖራ አትክልት ባጠጣሽ ቁጥር አፈሩ ውስጥ ይጠራቀማል።

በዚህ ከመዘንሽው ብሉቤሪው ገና ከጅምሩ ይወድቃል። የሚፈልገው ኮምጣጣ አፈር ነው፤ ፒኤቹ (የኮምጣጣነት መለኪያው) ከ4.5 እስከ 5.5 የሆነ። የእኛን ውሃ ሲጠጣ ከአፈሩ ውስጥ ብረት መሳብ ያቅተዋል፤ አዲሱ ቅጠል ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ሌላው ቢጫ ይሆናል። አብዛኛው ዝርያ ደግሞ ረጅም ብርድ ካላገኘ አያፈራም። እህትሽን እሱን ተዪው በያት።

ብሮኮሊ ወቅቱን ከጠበቅሽለት ይሆናል። ሙቀት ሲበዛበት ራሱ ሳይጠቀለል ተበታትኖ ያብባል። ችግኙን በመስከረም መጨረሻ አፍይ፤ በጥቅምት መጨረሻ ወደ መደቡ አዛውሪው፤ ራሱን የሚይዘው ታኅሣሥና ጥር ላይ እንዲሆን። መጋቢት ላይ የዘራ ሰው ቅጠል ብቻ ይዞ ይቀራል።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ባሚያ ለአንቺ እንግዳ ይሁን እንጂ ድሬ ውስጥ በየመኖች ቤት የቆየ ምግብ ነው፤ ከበግ ሥጋና ከቲማቲም ጋር ይሠሩታል። በቤኒሻንጉል ቀንቀስ ይሉታል፤ በጋምቤላም ይበላል። እንዲያውም የባሚያ መነሻ ከሆኑት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። የጥጥ ዘመድ ነው፤ ሙቀቱን ይወዳል፤ ሞቃት ሌሊትም አይከብደውም። ለድሬ ጓሮ ከእሱ የሚሻል አዲስ ተክል አላውቅም።

እኔ ዘሩን ማታ በውሃ ነክሬ አሳድረዋለሁ፤ ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ እንዲህ ካልተደረገ ይዘገያል። ከየካቲት አጋማሽ ጀምሮ በቀጥታ መደቡ ላይ ዝሪው፤ ዋናው ሥሩ ወደ ታች ጠልቆ የሚሄድ ስለሆነ ማዛወር አይወድም። በተክልና በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር፣ በመስመርና በመስመር መካከል 60 ሳንቲ ሜትር ተዪ። አሥር ወይም አሥራ ሁለት እግር ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል። ከዘራሽ ሁለት ወር ሳይሞላ መልቀም ትጀምሪያለሽ። መሐሉ ጥቁር ቀይ የሆነ ፈዛዛ ቢጫ አበባ ያወጣል፤ አንድ ቀን ውሎ ይጠወልጋል። ከዚያ በአራትና በአምስት ቀኑ ፍሬው ጣት ሲያክል ቁረጪው። እዚህ ላይ ቸል አትበይ፦ በየሁለት ቀኑ ካልለቀምሽው ፍሬው ቃጫ ያወጣና ጥርስ አይቆርጠውም፤ ተክሉም ዘር አድርሻለሁ ብሎ ማፍራቱን ይቀንሳል። ስትለቅሚ እጅጌሽ ረጅም ይሁን፤ ፀጉሩ ቆዳ ያሳክካል። ልጋጉ ለማይወድ ሰው ፍሬውን ሳትቆራርጪ በሙሉው ሎሚ ጨምረሽ ቀቅይለት። ቲማቲም ወይም ቃሪያ በነበረበት ቦታ ላይ ግን አትዝሪው፤ ሥር የሚያሳብጡት ትላትሎች ሦስቱንም ያጠቃሉ።

ከርከዴም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ግንቦት ወይም ሰኔ ላይ ዝሪውና እርሺው ማለት ይቻላል። ቀኑ ማጠር ሲጀምር ነው የሚያብበው፤ ስለዚህ ቀደም ብትዪ ግንዱ ይረዝማል እንጂ አበባው አይፈጥንልሽም። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ቀዩን ሽፋን ለቅመሽ ጥላ ውስጥ አድርቂው። አንድ እግር ለብቻው አንድ ሜትር ቦታ ይፈልጋል፤ ከሁለት በላይ አትትከዪ።

ድራጎን ፍሩት ትዕግሥት ላለው ሰው ነው። የመካከለኛው አሜሪካ ቁልቋል ነው፤ በየገበያው የምትበዪው በለስ ዘመዱ ነው። ጎረቤትሽ ከምትሰጥሽ ቁራጭ ጀምሪ፤ ከዘር ቢሆን ፍሬ እስኪሰጥ ብዙ ዓመት ይወስዳል። ቁራጩን ወዲያው አፈር ውስጥ አትቅበሪው። ቁስሉ እስኪደርቅ ሳምንት ያህል ጥላ ላይ አቆዪው፤ አለበለዚያ ይበሰብሳል። የሰው ቁመት ያህል ጠንካራ ምሰሶ አቁሚለት፤ ጫፉ ላይ የፌሮ ቀለበት አድርጊለትና ቅርንጫፎቹ በዚያ ላይ ወደ ታች ይንጠልጠሉ። በመጀመሪያው ዓመት የቀትር ፀሐይ ያቃጥለዋልና ጥላ ይኑረው። አበባው ማታ ተከፍቶ ጠዋት ላይ ይከስማል። ጎረቤትሽን የፍሬው ውስጡ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠይቂያት። ነጩ ባብዛኛው ብቻውን ያፈራል፤ ከቀዮቹ ግን ብዙዎቹ የሌላ ዝርያ የአበባ ዱቄት ካላገኙ ፍሬ አይዙም። እኔ በባትሪ ብርሃን በለስላሳ ብሩሽ ዱቄቱን ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው አደርሳለሁ፤ በዚያ ሌሊት መሥራት ደስ ይለኛል።

ስለ ውሃው፦ ባለቤትሽ ይህን ያንብብልኝ። ባሚያና ከርከዴ ከቆስጣ ይልቅ ደረቅ ቀን ይታገሣሉ። መደቡን በደረቅ ሣር ወይም በማሽላ አገዳ ጎዝጉዢው፤ ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ከሥሩ አጠጪ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የጣሪያ ውሃ በበርሜል ያዢ፤ ኖራ ስለሌለው ለችግኝ ከሁሉ ይመረጣል። ግን በርሜሉን በጥብቅ ክደኚው፤ ከዕቃና ከድስት ሥር የሚጠራቀመውን ውሃም ድፊው። በ2006 ዓ.ም. ደንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. ቺኩንጉኒያ ይህችን ከተማ እንዴት አድርጎ እንዳስተኛት አልረሳሁም፤ ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው በየግቢው በተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ነው።

አንድ ነገር አደራ እልሻለሁ። ዘሩ በሰው ሻንጣ ተደብቆ አይምጣ፤ የዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀት ይኑረው። ፈረምሲሳ የሚባለው መጤ አረም የሐረርጌን ማሳ ምን እንዳደረገው ገበሬው ያውቃል። ፕሮሶፒስም በረሃውን ያለብሳል ተብሎ በበጎ ሐሳብ የገባ ዛፍ ነበር፤ ፍየሉ ፍሬውን እየበላ ዘሩን በየሜዳው አዳረሰው። ባሚያና ከርከዴውን እዚሁ አገር ውስጥ ፈልጊያቸው፤ ከርከዴ ከውጭ የሚላክበት ምክንያት አይታየኝም።

ጥያቄ፦ ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ነው የምኖረው፤ ጡረተኛ ነኝ። ግቢያችን ጠባብ ነው፤ ግማሽ ቀን ፀሐይ ያገኛል። የልጅ ልጆቼ እንጆሪ ይወዳሉ። ድሬ ያለው ልጄ ሞክሮ አልሆነለትም፤ እኔስ ልድከም?

መልስ፦ አባቴ፣ ይድከሙ። ልጅዎ የተቸገረው በሌሊቱ ነው። እርስዎ ያሉት ከ1,800 ሜትር በላይ ነው፤ ሌሊትዎ ቀዝቃዛ ነው። እንጆሪ አበባ የሚቋጥረው ቀኑ አጠር፣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ሲል ነው፤ የእኛ አገር ቀን ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አጭር ነው የሚባል ነው። ከዘር አይነሡ፤ ሌላ ሰው ካለው ተክል ላይ የሚሳበውን ሐረግ ሥር ካበጀ በኋላ ቆርጠው ይውሰዱ። ታችዋ የተበሳሳ ጀሪካን በጎን ተቆርጣ ትበቃለች። አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ፦ ቅጠሉ የሚወጣበት እምብርት አፈር ውስጥ አይቀበር፤ ከተቀበረ ይበሰብሳል። ከሥሩ ደረቅ ሣር ይጎዝጉዙለት፤ ፍሬው አፈር ሲነካ ይሻግታል። ወፎቹ ከልጅ ልጆችዎ ቀድመው እንዳይደርሱ መረብ ያልብሱት። በሦስተኛው ዓመት ያረጀውን ነቅለው በአዲስ ሐረግ ይተኩት።

ጥያቄ፦ ካናዳ ያለ አጎቴ የሽንኩርት ዘር ልኮልኝ ድሬ ላይ ዘራሁት። ቅጠሉ ያማረ ነው፤ ራስ ግን አልያዘም። ማዳበሪያ ጎድሎት ይሆን?

መልስ፦ ማዳበሪያ አትጨምርበት፤ የጎደለው ቀን ነው። የሰሜን አገሮቹ ሽንኩርት ራስ የሚይዘው የቀኑ ርዝመት 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሲደርስ ነው። ድሬ ላይ ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ምንም ብትንከባከበው ምልክቱን አያገኝም። ያለውን እንደ ባሮ ሽንኩርት ቅጠሉን እየቆረጥክ ብላው። ለራሱ ከሆነ ቦምቤ ሬድን ወይም አዳማ ሬድን ዝራ፤ ሁለቱም ለአጭር ቀን የሚስማሙ ናቸው። ዘሩን ስትገዛ ግን ፓኬቱ ላይ ያለውን ቀን እይ፤ የሽንኩርት ዘር ሙቀት ውስጥ ከከረመ ቶሎ የመብቀል አቅሙን ያጣል።