«ለካንሰር መድኃኒት ማግኘት እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?»

ጥያቄ፦ የባዮሎጂ 3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ዓላማዬ ለካንሰር አዲስ መድኃኒት በማግኘት ሥራ ላይ መሳተፍ ነው። አንዳንዶች «ሕክምና ካልተማርሽ አይሆንም» ይሉኛል፤ ሌሎች ደግሞ «ዶክትሬት ያዢ» ይላሉ። ለብዙ ላብራቶሪዎች አመልክቼ መልስ የሰጠኝ የለም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሁለቱም ወገኖች የነገሩሽ ግማሹን ነው። መድኃኒትን አንድ ሰው ከመነሻው እስከ መጨረሻው ይዞት የሚሄድ ነገር አድርገው ያዩታል። ሥራው ግን ቅብብል ነው፤ እያንዳንዱ ተቀባይ የተለየ ሙያ አለው፣ የሚከሽፍበትም ምክንያት የተለየ ነው።

ኢማቲኒብን እንውሰድ (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሥር የሰደደ ማይሎይድ ሉኪሚያ የሚባለውን የደም ካንሰር ታሪክ የቀየረ ክኒን ነው። በ1960 ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሀንገርፎርድ በሕመምተኞቹ የደም ሴሎች ውስጥ መጠኑ ከተለመደው ያነሰ አንድ ክሮሞሶም አዩ። ለምን እንዳነሰ የታወቀው በ1973 ነው፤ ጃኔት ራውሊ የክሮሞሶም ፎቶግራፎችን እያስተያየች ከዚሁ 22ኛ ክሮሞሶም የጎደለው ቁራጭ ጠፍቶ ሳይሆን 9ኛው ላይ ተለጥፎ አገኘችው። በ1980ዎቹ ደግሞ በዚህ መቀያየር ሁለት ጂኖች ተጣብቀው ቢሲአር-ኤቢኤል የሚባል ኢንዛይም እንደሚሠሩና ኢንዛይሙ ሴሉን ያለማቋረጥ «ተባዛ» እያለ እንደሚያዘው ታወቀ። በ1990 ያው ጂን ብቻውን በአይጦች ላይ ተመሳሳይ በሽታ እንደሚያመጣ ታየ። እንግዲህ 30 ዓመት አልፏል፤ አንድም ክኒን የለም። ቢሆንም ከዚህ በኋላ የመጣው ሁሉ የቆመው በእነዚህ ዓመታት ሥራ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ኢንዛይሙ የበሽታው ምልክት ሳይሆን መንስኤው መሆኑ ተረጋግጧል። ብዙ መድኃኒቶች የሚወድቁት ይህ ጥያቄ ሳይመለስ ወደፊት ስለሚገፉ ነው።

ቀጥሎ ተራው የኬሚስቶች ሆነ። መነሻ ያደረጉት ውህድ ኢንዛይሙን ይከለክላል፤ ግን ሌሎች ኢንዛይሞችንም ይነካል። አንዲት የሜቲል ቡድን በትክክለኛው ቦታ ሲጨምሩበት ፕሮቲን ካይኔዝ ሲ የተባለውን መንካቱን አቆመ። ሌላ ቁራጭ ሲያክሉበት በውሃ የሚሟሟና በአፍ ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባ ሆነ። በውሾች ላይ የታየው የጉበት ጉዳት ፕሮጀክቱን ሊያስቆመው ምንም አልቀረውም ነበር። የመጀመሪያው ሕመምተኛ በ1998 መድኃኒቱን ወሰደ። ሌሎች ሕክምናዎች ካልሠሩላቸው ሕሙማን መካከል በቀን 300 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ከወሰዱት 54ቱ የ53ቱ የደም ቆጠራ ወደ ጤናማ ደረጃ ተመለሰ። በ2001 ተፈቀደ። ብዙም ሳይቆይ በአንዳንድ ሕሙማን ኢንዛይሙ ራሱ ተለውጦ መድኃኒቱን መቋቋም ጀመረ፤ ጥያቄው እንደገና ወደ ላብራቶሪ ተመለሰና ዳሳቲኒብን የመሳሰሉ ተከታዮች መጡ።

በዚህ ቅብብል ራውሊ ሐኪም ነበረች፣ ኒኮላስ ላይደን ባዮኬሚስት፣ ዩርግ ዚመርማን ኬሚስት፣ ሕመምተኞቹን ያከመው ብራያን ድሩከር የካንሰር ሐኪም። ስለዚህ የእኛ ምክር ይህ ነው፦ በሽታ ከመምረጥሽ በፊት በቅብብሉ ውስጥ የምትቆሚበትን ቦታ ምረጪ። የሴል ሥራ ጠንቅቃ የምታውቅ ሰው ከካንሰር ወደ ወባ ብትዛወር ሙያዋን ይዛ ትሄዳለች። «ካንሰር እወዳለሁ» የሚለው ግን ብቻውን ሙያ አይሆንም። (የምርምር ገንዘብም በየጥቂት ዓመቱ በሽታ ይቀያይራል።)

ቦታውን ለመምረጥ የየቀኑን ሥራ ማወቅ ይጠቅማል። የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ብትገቢ ምናልባት ከሚሰጡሽ ሥራዎች አንዱ አንድ ውህድ የካንሰር ሴሎችን በምን መጠን እንደሚገድል መለካት ነው። ሴሎቹን 96 ጉድጓድ ባለው ፕሌት ላይ ትዘሪያለሽ፤ በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድና በ5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ኢንኩቤተር ውስጥ ያድራሉ፤ በማግስቱ ውህዱን በተለያየ መጠን ትጨምሪያለሽ። ቀላል ይመስላል። ውህዱ ግን ብዙውን ጊዜ የሚሟሟው ዲኤምኤስኦ በሚባል ፈሳሽ ነው። ክምችትሽ (በዲኤምኤስኦ አሟሟተሽ ያስቀመጥሽው ወፍራሙ ውህድ) 10 ሚሊሞላር ከሆነና ሴሎቹ ላይ 10 ማይክሮሞላር ከፈለግሽ 1000 ጊዜ ታቀጥኚዋለሽ፤ ዲኤምኤስኦው 0.1 በመቶ ይሆናል፣ ችግር የለውም። ከዚያው ክምችት 100 ማይክሮሞላር ስትወስጂ ግን ዲኤምኤስኦው 1 በመቶ ይደርሳል፤ ብዙ ሴሎች በዚህ መጠን ይጎዳሉ። ሴሎቹን የገደለው ማሟሟቻው ሆኖ ሳለ «መድኃኒቱ ሠራ» ብለሽ ትጽፊያለሽ ማለት ነው። መፍትሔው ቅጥነቶቹን አስቀድሞ በዲኤምኤስኦ ውስጥ አዘጋጅቶ ለሁሉም ጉድጓድ እኩል መጠን መስጠት፣ ዲኤምኤስኦ ብቻ የገባባቸውን ጉድጓዶችም ማነጻጸሪያ አድርጎ መያዝ ነው።

የፕሌቱ ዳር ላይ ያሉት 36 ጉድጓዶች ቶሎ ይተናሉና እዚያ የሚገኘው ቁጥር ያሳስታል፤ ብዙዎች ውሃ ሞልተው ይተዋቸዋል። ሌላው ችግር ሴሎቹን የሚበክል ማይኮፕላዝማ የሚባል ጥቃቅን ባክቴሪያ ነው። በተራ ማይክሮስኮፕ አይታይም፣ የሴል ግድግዳ ስለሌለው ፔኒሲሊን አይነካውም፣ የሴሎቹን ባሕርይ ግን ይለውጣል፤ በየጊዜው በፒሲአር (ዲኤንኤን አባዝቶ በሚለይ ዘዴ) መመርመር ግድ ነው። የሴሎቹም ማንነት በዲኤንኤ መረጋገጥ አለበት፤ የጡት ካንሰር ተብለው ለዓመታት ሲሠራባቸው የማሕፀን በር ካንሰር የሆኑት ሂላ ሴሎች ሆነው የተገኙ ነበሩ። በአንድ ቀን በአንድ ፕሌት ላይ ያሉ ሦስት ጉድጓዶች ደግሞ ሦስት ሙከራ አይባሉም፤ አንድ ሙከራ ናቸው። ይህን የመሰለ ጥንቃቄ የሚያሰለችሽ ከሆነ አሁኑኑ ማወቁ ይሻላል፤ የሚያስደስትሽ ከሆነ የዶክትሬት ትምህርት ያንቺ መንገድ ነው።

ከሴል ቀጥሎ ፋርማኮሎጂና ቶክሲኮሎጂ አሉ። ውህዱ በሰውነት ውስጥ ስንት ሰዓት ይቆያል፣ ጉበት ምን ያደርገዋል፣ የልብ ምትን ያዛባል ወይ የሚለውን ያጠናሉ። ፋርማሲና የእንስሳት ሕክምና የተማሩ እዚህ ብርቱ ናቸው። የሥራውን ክብደት ለመረዳት በ2006 በለንደን የሆነውን ማየት ይበቃል፦ ቲጂኤን1412 የተባለ ፀረ-አካል በዝንጀሮዎች ላይ ጉዳት ካላሳየው መጠን 500 ጊዜ ባነሰ ለ6 ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ተሰጠ፤ ስድስቱም በሰዓታት ውስጥ ለጽኑ ሕመም ተዳረጉ። መድኃኒቱ የሚይዘው ፕሮቲን በሰው የማስታወሻ ቲ-ሴሎች (ቀድሞ የገጠማቸውን ጀርም በሚያስታውሱ የመከላከያ ሴሎች) ላይ አለ፤ ለሙከራው በዋሉት ዝንጀሮዎች ተመሳሳይ ሴሎች ላይ ግን አልነበረም። ሁሉም በአጭር ጊዜ ልዩነት ተከታትለው መውሰዳቸውም ነገሩን አባባሰው። ዛሬ እንዲህ ያለ አዲስ መድኃኒት መጀመሪያ ለአንድ ሰው ተሰጥቶ ይጠበቃል።

ከዚያ ክሊኒካል ሙከራ ይመጣል። በመጀመሪያው ምዕራፍ ከ20 እስከ 100 ሰው ይሳተፋል፣ ጥያቄው የደኅንነትና የመጠን ነው፤ በሁለተኛው እስከ ጥቂት መቶ ሕሙማን ይገባሉ፤ ሦስተኛው ከመቶዎች እስከ ሺዎች ይደርሳል። በሰው ላይ መሞከር ከጀመሩ 10 መድኃኒቶች ተፈቅዶ የሚወጣው በግምት 1 ነው። ትልቁ መጣያ ሁለተኛው ምዕራፍ ነው፤ አይጥ ያዳነው ሰው ላይ ሳይሠራ ይቀራል። እዚህ የሚፈለጉት ሐኪሞች ብቻ እንዳይመስሉሽ። የሙከራ አስተባባሪ፣ የመረጃ ኃላፊ፣ ባዮስታቲስቲሺያን፣ የቁጥጥር ሰነድ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ከሌለ ሙከራው አይንቀሳቀስም። በባዮሎጂ ዲግሪና በመልካም የክሊኒካል አሠራር ሥልጠና በአስተባባሪ ረዳትነት የሚጀምሩ ብዙ ናቸው። የሚያበላሸውም ትንሽ ነገር ነው፦ አሮጌ የስምምነት ቅጽ ማስፈረም፣ የማቀዝቀዣውን ሙቀት አለመመዝገብ። በዚህ ሙያ ያልተጻፈ ነገር እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

ወደ ጥያቄሽ ስንመለስ፦ ሕሙማንን በእጅሽ ማከም የማትፈልጊ ከሆነ ለምርምር ብለሽ ብቻ ሕክምና አትግቢ፤ ረጅም ነው፣ የላብራቶሪ ክህሎትም አይሰጥሽም። ዶክትሬትም ቢሆን ቢያንስ ስድስት ወር ላብራቶሪ ሳትሠሪ አትጀምሪ። የትኛውንም ብትመርጪ ስታቲስቲክስና አር ወይም ፓይተን የሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ አሁን ጀምሪ፤ የማይፈለግበት ደረጃ የለም።

ማመልከቻዎችሽ መልስ ያጡት ምናልባት ለሁሉም አንድ ዓይነት ስለነበሩ ነው። «ለምርምር ጥልቅ ፍቅር አለኝ» የሚል ደብዳቤ በየቀኑ ይደርሳቸዋል። አምስት ላብራቶሪ ብቻ ምረጪ፤ የእያንዳንዱን የቅርብ ጊዜ ጽሑፍ አንብቢና ከአንድ ግራፍ የተነሳ አንድ እውነተኛ ጥያቄ ጻፊ። በሳምንት ስንት ሰዓት፣ ለስንት ወር እንደምትችይ በቁጥር ግለጪ፤ በእጅሽ የሠራሽውን (ፒሲአር፣ ጄል፣ ሴል ማሳደግ) ከምታውቂው ለይተሽ አስቀምጪ። ከአሥር መስመር አይብለጥ። ለኃላፊው ብቻ ሳይሆን እዚያ ለሚሠራ የዶክትሬት ተማሪም ላኪ፤ ረዳት በጣም የሚያስፈልገው እሱ ነው። በሁለት ሳምንት መልስ ካልመጣ አንድ ጊዜ አስታውሺ።

ሲጠሩሽ ደግሞ አንቺም ጠይቂ፦ በየቀኑ የሚያሠለጥነኝ ማን ነው? የሙከራ ማስታወሻ ደብተሬን ማን ያያል? «ራስሽ ትለምጂዋለሽ» ካሉሽ ወደሚቀጥለው ላብራቶሪ እለፊ።