ካሜራው ወይስ የአያቴ ዓይን?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፍላችሁ ከኮምቦልቻ ነው። አጎቴ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ይኖራል። በየዓመቱ ብርዱ ሲገባ ፈቃድ አውጥቶ አጋዘን ያድናል። ዘንድሮ ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ ካሜራ አስሯል። እንስሳው ሲያልፍ ፎቶው ስልኩ ላይ ይገባለታል፣ ለኛም ይልክልናል። ደሴ ያሉት አያቴ፣ የአጎቴ አባት፣ በወጣትነታቸው የታወቁ አዳኝ ነበሩ። ፎቶውን ሳሳያቸው «ይሄ አደን አይደለም፣ ቄራ ነው» ብለው ተቆጡ። አጎቴ ደግሞ በስልክ «አባባ፣ ዘመኑ ተለውጧል» አላቸው። ከዚያ ወዲህ ተኳርፈዋል። ማን ነው ልክ? ሌላው፣ አጎቴ አንድ ካሜራ ልላክልህ ብሎኛል። ከከተማችን በላይ የጎፍ በሚባለው ተራራ ደን ውስጥ ባስረው ችግር አለው?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ አባትና ልጅ በዚህ ተኳርፈው አይቀሩም። እኔ ግን ከአያትህ ጎን ነኝ። ሙሉ በሙሉ ባይሆንም በአብዛኛው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። አጎትህ የሚያድነው እንስሳና አያትህ የሚያውቁት እንስሳ አንድ አይደሉም። እዚያ ያለው ባለነጭ ጭራ አጋዘን ቀንዱን በየዓመቱ በብርዱ ወራት ይጥልና ከጸደይ ጀምሮ አዲስ ያበቅላል። የኛ ድኩላም ሆነ የባሌና የአርሲው ደጋ አጋዘን ግን አንዴ ያበቀለውን ቀንድ ይዞ ነው የሚኖረው፣ ወገኑም ከነበሬና ከነፍየል ነው። ስም ነው ያገናኛቸው። አመላቸው ግን ይመሳሰላል፣ ሁለቱም ከዓይናቸው ይልቅ አፍንጫቸውን ያምናሉ። ለዚህ ነው የአያትህ ዕውቀት ሚኒሶታም ቢሄድ የሚሠራው።

ከዓመታት በፊት አንድ ሽማግሌ የጎፍን ይዘውኝ ወጥተው ነበር። አደን ከተዉ ቆይተዋል፣ በእጃቸው የያዙት ዱላ ብቻ ነው። ከኮምቦልቻ የተነሣነው ሳይነጋ ነው። ዳገቱ ሥር ቆሙና ከኪሳቸው በጨርቅ የተቋጠረ አመድ አወጡ። ቆንጠር አድርገው ለቀቁት። አመዱ ቁልቁል ወደ ከተማው ሄደ። «ሽታችን ወደ ታች ነው፣ ፀሐይ ሳትሞቅ ከነሱ በላይ እንገኝ» ብለው እኔ ትንፋሼ እስኪቆራረጥ ድረስ በዚያ ዕድሜያቸው ዳገቱን በሩጫ አስኬዱኝ። ላይ ደርሰን ተቀመጥን። ፀሐይዋ ገደሉን ስታሞቀው እንደገና አመድ ለቀቁ። አሁን ሽቅብ ወጣ። ማታ የቀዘቀዘ አየር ቁልቁል ይወርዳል፣ ጠዋት የሞቀው ሽቅብ ይወጣል፤ እሳቸው ይሄን ትምህርት ቤት አልተማሩትም።

ከዚያ መሬቱን አሳዩኝ። ለስለስ ያለ አፈር ላይ አንድ ኮቴ አለ፣ ለሁለት የተሰነጠቀ፣ ከሁለት ጣቴ ብዙም የማይሰፋ። ጠርዙ ስለት ነው፣ ገና አልተናደም። አጠገቡ ያለው በጠጥ ያብረቀርቃል። በሣሩ ላይ ጤዛው የረገፈበት መስመር ይታያል። «ጤዛ ከወረደ በኋላ ነው ያለፈችው፣ በዚሁ ትመለሳለች» አሉ። ዝም ብለን ጠበቅን። ከታች ከቁጥቋጦው ውስጥ ቀንድ የሌላት ድኩላ ወጣች፣ ቆመች፣ ጆሮዋን ወዲያ ወዲህ አዟዟረች፣ ቅጠሏን በልታ ሄደች። አላየችንም፣ አልሸተትናትም። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ እስካሁን አልረሳሁትም።

ካሜራ ይሄን አይሰጥህም። ካሜራው የሚያውቀው የሚሞቅና የሚንቀሳቀስ ነገር ከፊቱ ማለፉን ብቻ ነው። የት እንደነበረ ይነግርሃል። ለምን በዚያ እንዳለፈ፣ ነገ ነፋሱ ሲዞር በየት እንደሚሄድ ግን አይነግርህም። አጎትህ ስልኩን ሲያይ ከርሞ መሬቱን ማየት ከተወ፣ ባትሪው ያለቀ ዕለት ምንም የማያውቅ ሰው ይሆናል። እዚያ አገር ወንዱ ቀንዱን የሚፈትግበት የተላጠ ዛፍ አለ፣ በኮቴው የሚጭረው መሬት አለ፣ በብርዱ ወራት ጥሎት የሚሄደው ቀንድ ራሱ «ከአደኑ ወቅት ተርፌያለሁ» የሚል መልእክት ነው። ይሄን ሁሉ ማንበብ የሚችል ሰው ነው አዳኝ የሚባለው።

ክርክሩ ደግሞ የናንተ ቤት ብቻ አይደለም። አሜሪካኖቹ ራሳቸው ይጨቃጨቁበታል። በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ቴዎዶር ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በ1887 ያቋቋመው ቡን ኤንድ ክሮኬት የተባለ የአዳኞች ማኅበር ዋና መርሁ እንስሳው የማምለጥ ዕድል ይኑረው የሚል ነው። የአሪዞና ግዛትም እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ አንስቶ በእንዲህ ዓይነት ካሜራ ታግዞ ማደንን ከልክሏል። አያትህ የተናገሩት የኋላቀር ንግግር አይደለም ማለት ነው።

አጎትህንም ግን አትፍረድበት። ፈቃድ አውጥቶ፣ ወቅት ጠብቆ ነው የሚያድነው። ባለነጭ ጭራው እ.ኤ.አ. በ1900 ገደማ ከመታደኑ ብዛት ግማሽ ሚሊዮን ብቻ ቀርቶ ነበር ይባላል፣ ዛሬ ወደ 30 ሚሊዮን ይገመታል። በሕግ ስለተያዘ ነው የተረፈው። ያለህበትን ቦታ የሚጠቁምህ ጂፒኤስ የተባለው መሣሪያም ሰው ጫካ ውስጥ ጠፍቶ በብርድ እንዳይሞት ያደርጋል፣ ይሄን የሚንቅ ሰው ካለ ተሳስቷል። የቆሰለ እንስሳ ፍለጋ ላይ ግን አሁንም ዓይን ያስፈልጋል። ፈካ ያለና አረፋ ያለው ደም ከሳንባ ነው፣ እንስሳው ሩቅ አይሄድም። ጠቆር ያለና የተበላ ሣር የተቀላቀለበት ከሆነ ሆዱን ነው የተመታው፣ ያኔ ሰዓታት መጠበቅ አለብህ። ቶሎ ከተከተልከው ተነሥቶ ይሮጥና ተሠቃይቶ የትም ወድቆ ይቀራል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ ስመጣ፣ የጎፍ ላይ ለአደን ብለህ ካሜራ እንዳታስር። የአገራችን የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደንን ይከለክላል፣ ቅጣቱም እስራት አለው። ሕጉ ባይኖር እንኳ እንዳታደርገው እለምንህ ነበር፣ ምክንያቱም እዚያች ተራራ ላይ የቀሩት እንስሳት ዙሪያቸውን በእርሻና በከተማ ተከብበዋል፣ መሸሻ የላቸውም። ለማየትና ለመቁጠር ከሆነ ደስ ይለኛል። ደኑን የሚያስተዳድረውን መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ጠይቅና አስፈቅድ። ካሜራውን በጉልበት ከፍታ እሰረው፣ ወደ ፀሐይ መውጫ አታዙረው፣ ከፊቱ ያለውን ቅጠልም ዞር አድርግ፣ አለበለዚያ ነፋስ በነቀነቀው ቁጥር ባዶ ፎቶ ይሞላልሃል። የት እንደምታስረው ግን አያትህ ይምረጡልህ። መውጣት ካልቻሉ ሸንተረሩን በስልክህ ቀርጸህ አሳያቸው።

አጎትህን ደግሞ እንዲህ በለው። ለአባባ የእንስሳውን ፎቶ መላክ ይተውና የኮቴውን ፎቶ ይላክላቸው። መቼ እንዳለፈ፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ይሩጥ ይራመድ እሳቸው ይንገሩት፣ እሱ ደግሞ ከካሜራው ጋር ያመሳክር። ሲያነሣው አጠገቡ የክብሪት ሳጥን ያስቀምጥ፣ መጠኑ እንዲታያቸው።