«መስታወቱ ንፁህ ነው» ተብሎ የተሸጠው ሄሊዮስ

«ጤና ይስጥልኝ። ኢንተርኔት ላይ ሄሊዮስ 44-2 የሚባል የድሮ የሶቪየት ካሜራ ሌንስ ገዛሁ። ማስታወቂያው ‹መስታወቱ ንፁህ፣ ፎከሱ ለስላሳ› ይላል። ፎቶዎቹም ያምራሉ። ከደረሰኝ አራተኛ ቀኑ ነው። ጥላ ውስጥ ሳነሳ ደህና ነው። መስኮት ወይም ሰማይ ፍሬም ውስጥ ሲገባ ግን ምስሉ ወተት የተደፋበት ይመስላል። በስልኬ መብራት ሳየው ውስጡ ጭጋግ ነገር አለ። ጠርዙ ላይ ነጭ ክር የሚመስል አየሁ። የአፐርቸሩ (የብርሃን መግቢያው ቀዳዳ) ምላጮችም ዘይት ነክቷቸዋል። ሻጩን ስጠይቀው ‹አሮጌ ዕቃ ነው፣ ምን ትጠብቃለህ?› አለኝ። ከፍቼ ላጽዳው? ልመልሰው? ወይስ ዝም ብዬ ልጠቀምበት?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ካቻቪቴውን አስቀምጥ። መመለስ አለመመለስህን እስክትወስን ድረስ አንዲት ብሎን እንዳትነካ። የተፈታ ብሎን ራሱ ላይ ያስታውቃል። ሻጩ ያንን ካየ «አንተ ነህ ያበላሸኸው» ይልሃል። ከዚያ በኋላ ማን ይፈርድልሃል?

ከዘይቱ ልጀምር፤ የጭጋጉም መነሻ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ምላጭ ላይ ዘይት ያየ ሰው ሁሉ ይደነግጣል። ያንተ ሌንስ ላይ ግን ዘይቱ ለምላጮቹ ብዙም አያሰጋም። 44-2 ላይ አፐርቸሩን የምትከፍተውም የምትዘጋውም ራስህ ነህ፣ ቀለበቱን በእጅህ አዙረህ። ምላጮቹ ትንሽ ቢከብዱም እጅህ ያደርሳቸዋል። ሄሊዮስ 44ኤም ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። እሱ ላይ ካሜራው ከኋላ ያለችውን ፒን ሲጫን ምላጮቹ በቅጽበት መዘጋት አለባቸው። ዘይት ከያዛቸው ይዘገያሉ፣ ፎቶውም ከሚገባው በላይ ይነጣል።

ያንተ ችግር ዘይቱ ባለበት አለመቆየቱ ነው። ምንጩ የፎከሱ ጥርስ ላይ፣ ማለትም ፎከስ ስታደርግ ሌንሱን ወደፊትና ወደኋላ የሚያንቀሳቅሰው የብሎን ጥርስ ላይ ያለው ግሪስ ነው። ግሪስ ሲያረጅ ዘይቱ ተለይቶ ይወጣል፤ ሙቀት ሲያገኝ ይቀጥንና እየተሳበ ምላጮቹ ጋ ይደርሳል። ከዚያ ቀስ እያለ ይተናል። የተነነው ደግሞ ፊት ለፊቱ ያገኘው መስታወት ላይ ያርፋል። ሄሊዮስ 44-2 ስድስት መስታወት በአራት ቡድን አለው። ከምላጮቹ ፊትና ኋላ ያሉት ሁለቱ ቡድኖች እያንዳንዳቸው በሙጫ የተጣበቁ ጥንድ መስታወቶች ናቸው። ጭጋጉ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ወደ ምላጮቹ የዞሩትን ገጾች ነው።

ወተቱን የሚደፋብህ ይሄ ጭጋግ ነው። ጥላ ውስጥ ኃይለኛ ብርሃን ስለማይመታው አያስታውቅም። መስኮት ሲገባ ግን ብርሃኑ ጭጋጉ ላይ ይበተንና ፍሬሙን በሙሉ ያጥበዋል። ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል። ለዚህም ነው የማስታወቂያው ፎቶዎች ያማሩት። ነጭ ጨርቅ ላይ አስቀምጠህ ከፊት ብርሃን ካበራህበት፣ የትኛውም ጭጋጋም ሌንስ አዲስ ይመስላል።

ክሩ ነው እኔን ያሳሰበኝ። ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፣ የሁለቱም መጨረሻ የተለያየ ነው። ስለዚህ በደንብ እንየው።

ማታ ክፍሉን አጨልም። አፐርቸሩን እስከ መጨረሻው ክፈተው፣ ኤፍ 2 ላይ። የእጅ ባትሪውን ከሌንሱ ኋላ ያዝ፣ ግን ቀጥ አድርገህ ወደ ዓይንህ አታብራው፤ በጎን አግድመው። አንተ ከፊት በኩል ሌንሱን ትንሽ አዘንብለህ ተመልከት፣ ከጀርባው ጥቁር ነገር ይሁን። አሁን ሌንሱን በጣቶችህ መሃል ቀስ እያልክ አዙረው። ክሩ እንደ ሸረሪት ድር ወይም እንደ ዛፍ ሥር ቅርንጫፍ እያወጣ ከጠርዝ ወደ መሃል የሚሄድ ከሆነ ፈንገስ ነው። ስታዘነብለው ቀስተ ደመና የሚያወጣ፣ ውሃ ላይ የፈሰሰ ቤንዚን የሚመስል፣ ወይም ጠርዙ ላይ የሚያብረቀርቅ ነጭ ጥፍር መሳይ ነገር ካየህ ግን ሙጫው እየለቀቀ ነው። የድሮ ሌንሶች ጥንድ መስታወት የሚጣበቀው የካናዳ በለሳን በሚባል የዛፍ ሙጫ ነበር። ከዕድሜ ብዛት ይደርቃል፣ ይላቀቃል። ያን ቤት ውስጥ አትጠግነውም። ጥንዱን አላቅቆ፣ መሃል ለመሃል አስተካክሎ እንደገና ማጣበቅ የወርክሾፕ ሥራ ነው፤ ክፍያው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሄሊዮሱ ዋጋ ይበልጣል።

ፈንገስ ከሆነ የቆየበት ጊዜ ይወስናል። ገና ከሆነ ይጠረጋል። ከቆየ ግን የሚያወጣው አሲድ የመስታወቱን ኮቲንግ (ገጹ ላይ የተቀባውን ስስ ሽፋን) ይበላዋል፤ ስትጠርገው ክሩ ይሄዳል፣ ምልክቱ ይቀራል። ሌላውን ሌንስ ያስይዛል ብለህ እንቅልፍ አትጣ። ዘሩ አየር ውስጥ ሁሉም ቦታ አለ፤ የሚያሳድገው እርጥበት ነው። ዕቃህን ከ40 እስከ 50 በመቶ እርጥበት ባለው ቦታ ካስቀመጥክ አይነሳም።

መመለሻው ጊዜ ሳያልፍ አንድ ነገር ጨምርበት፤ ይሄኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሩቅ ያለ ነገር ፈልግ፣ የአንቴና ጫፍ ወይም ቀጭን የዛፍ ቅርንጫፍ ይሁን። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አድርግ። ኤፍ 2 ላይ ያንኑ ነገር በየተራ አራቱም ማዕዘን ላይ አድርገህ አንሳው፣ እያንዳንዱን እንደገና ፎከስ እያደረግክ። ማዕዘኖቹ ሁሉ እኩል ደብዘዝ ካሉ የሌንሱ ጠባይ ነው። አንዱ ጎን ጥርት ብሎ ሌላው ከጠፋ ግን መስታወቱ ቀጥ ብሎ አልተቀመጠም፤ ምናልባትም ከአንተ በፊት ሰው ከፍቶታል።

ሩቁ ነገር ጭራሽ ጥርት የማይል ከሆነ አዳፕተሩን (ሌንሱን ከካሜራህ ጋር የሚያገናኘውን ቀለበት) በሌላ ሌንስ ፈትን። እንደ ሄሊዮስህ ያለ ኤም 42 (በዚህ ስም በሚጠራ ጥርስ የሚታሰር) ሌንስ መቀመጫው ከካሜራው ሰንሰር 45.46 ሚሊሜትር መራቅ አለበት፤ አዳፕተሩ ትንሽ ከወፈረ ሩቁን አታገኘውም። አዳፕተሩ ደህና ከሆነ ሰው ፈትቶት የፎከሱ ጥርስ በተሳሳተ መነሻ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ይሄን የማውቀው ተምሬ አይደለም። ሥራ ስጀምር የራሴን ሌንስ ምልክት ሳላደርግ ፈትቼ፣ ጥርሱን ስድስት ጊዜ አስገብቼ ስድስቱንም ጊዜ ተሳስቻለሁ። የነዚህ ሌንሶች ጥርስ ሊገባ የሚችልበት መነሻ ብዙ ነው፣ ትክክለኛው አንድ ብቻ።

በሌላ በኩል፣ መስታወቱ ውስጥ የታሰረች የአየር ነጠብጣብ ብታይ ተዋት፤ በዚያ ዘመን መስታወት የተለመደ ነው። ጥቂት አቧራና የፊት መስታወቱ ላይ ያለ ቀጭን ጭረትም ፎቶ ላይ አይታዩም። የኋላው መስታወት ጭረት ግን ይታያል።

አሁን ወደ ሻጩ እንሂድ። ዕድሜውን ስትገዛውም ታውቀው ነበር። በሶቪየት ሌንሶች ላይ የመለያ ቁጥሩ የመጀመሪያ ሁለት አሃዝ ብዙውን ጊዜ የተሠራበት ዓመት ነው፤ የራስህን አንብበው። እሱ የጻፈው ግን «አሮጌ» ሳይሆን «ንፁህ» ነው። ክርክርህ እዚህ ላይ ብቻ ይሁን። ባትሪውን ከኋላ አብርተህ፣ ጭጋጉና የመለያ ቁጥሩ በአንድ ፎቶ ላይ እንዲታዩ አድርገህ አንሳ፤ አለዚያ «የሌላ ሌንስ ፎቶ ነው» ማለቱ አይቀርም። ከዚያ አጠር አድርገህ ጻፍለት፦ «ማስታወቂያህ መስታወቱ ንፁህ ነው ይላል። በተያያዘው ፎቶ ላይ የውስጥ ጭጋግና ጠርዙ ላይ ክር ይታያል። ሌንሱ አልተከፈተም። መመለስ እፈልጋለሁ።» ስድብ የለም፣ ልመናም የለም። የምትጽፈውም በገበያው የመልእክት ሳጥን በኩል ይሁን፣ በግል ስልክ አይሁን። ጭቅጭቅ ቢነሳ ገበያው የሚያነብልህ እዚያ የተጻፈውን ነው።

«ግማሹን ልመልስልህና ያዘው» ካለህስ? ጭጋግ ብቻ ከሆነ እኔ እቀበለው ነበር። የኋላውን የመስታወት ክፍል በሌንስ ስፓነር (የሌንስ ቀለበት መፍቻ) አውጥተህ፣ ወደ ምላጮቹ የዞረውን ገጽ ታጸዳለህ። ማጽጃውን አልኮል የሌንስ መጥረጊያው ወረቀት ላይ ነው የምታንጠባጥበው፣ መስታወቱ ላይ አይደለም፤ ጠርዝ ላይ ከገባ ሙጫውን ይነካዋል። ከመሃል ወደ ውጭ እያዞርክ ጥረግ፣ በየጊዜው አዲስ ወረቀት ያዝ። ሁለት ሦስት ጊዜ ጠርገኸው ጭጋጉ ካልለቀቀ አቁም። ወይ ኮቲንጉ ተበልቷል፣ ወይ ጭጋጉ ያለው ጥንዱ መሃል ነው። የፎከሱን ጥርስ ደግሞ በፍጹም እንዳትነካ።

የሚለቅ ሙጫ ከሆነ ግን ግማሽም ቢሆን አይበቃም፤ ይመለስ። መለየት ካቃተህ በጎን የተበራውን ፎቶ ላክልኝና አብረን እናየዋለን። ለሻጩ የምትጽፈውን ግን እኔን ሳትጠብቅ ዛሬ ላክ፤ ከአራቱ ቀን በኋላ ስንት እንደቀረህ ገበያው ደንብ ላይ አይተህ።