የጀመርሽውን ለመጨረስ፦ ከሠዓሊ፣ ከቅኔ ተማሪና ከተዋናይ የሚወሰድ አሠራር

ውድ እህታችን፣

ስድስት ኪሎ ሥነ ጽሑፍ እንደምትማሪ፣ ብዙ አጫጭር ልቦለድ ጀምረሽ አንዱንም እንዳልጨረስሽ፣ ወደፊት ግን የሬዲዮ ድራማ ጸሐፊ መሆን እንደምትፈልጊ ጽፈሽልናል። ሥዕልና ሙዚቃ የሚማሩ ጓደኞችሽ ሥራቸውን ሲጨርሱ እያየሽ «እነሱ ምን ቢያውቁ ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። የሚያውቁት ሥራን በየደረጃው መለየትን ነው። አንቺ ማሰቡንም፣ መጻፉንም፣ ማረሙንም በአንድ ጊዜ አንድ ገጽ ላይ ትሞክሪያለሽ።

ሠዓሊ ሸራው ፊት ከመቆሙ በፊት ትንንሽ ንድፎች ይሠራል። እነሱ ላይ ዓይንም ጣትም የለም፤ ጨለማውና ብርሃኑ የት እንደሚወድቅ ብቻ ይታያል። የጭንቅላቱን ቦታ ሳይወስን ዓይኑን አሳምሮ የጨረሰ ጀማሪ፣ ዓይኑ ወደ ጎን ተንሸራቶ ቢያገኘውም ለማጥፋት አንጀቱ አይጨክንም፤ ዓይኑን ለማዳን ፊቱን ያጣምማል። የመጀመሪያውን አንቀጽ ስታሳምሪ የምትሰነብቺ ከሆነ አንቺም የምታደርጊው ይህንኑ ነው። ታሪኩ በኋላ ሌላ መግቢያ ሲፈልግ ለዚያ አንቀጽ ትሳሺለታለሽ፤ ታሪኩም እዚያው ይቆማል። አፍሪካ አዳራሽ ሄደሽ የሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌን ባለ ሦስት ክፍል 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል የማየት ዕድል ካገኘሽ ይህን አስቢ፦ የተቆረጠ መስታወት እንደ ሸራ ላዩ ላይ አይቀባበትም፤ ሦስቱ ክፍሎች የሚሸከሙት ሐሳብ አስቀድሞ መወሰን ነበረበት።

ስለዚህ አንድ ኤ4 ወረቀት በስድስት ሳጥን ክፈዪ፤ አንዱ ሳጥን አንድ ትዕይንት ነው። በያንዳንዱ ውስጥ ማን ምን እንደሚፈልግ፣ ምን እንደሚከለክለውና ትዕይንቱ ሲያልቅ ምን እንደተለወጠ ብቻ ጻፊ። ለአንዱ ሳጥን አምስት ደቂቃ ይበቃል። ምንም ያልተለወጠበት ትዕይንት ይውጣ፣ ወይም ከጎኑ ካለው ጋር ይዋሃድ። በመሃል ያማረ ዓረፍተ ነገር ከመጣልሽ ሌላ ወረቀት ላይ አኑሪው።

የቅኔ ቤት ሥርዓት ደግሞ ከዚህም የጠበቀ ነው። ተማሪው ሁለት ቤት (ስንኝ) ብቻ ካለው ጉባኤ ቃና ከሚባለው አጭር ቅኔ ይጀምራል እንጂ ዘሎ ረጅሙን መወድስ አይነካም። ቅኔውን ሲቆጥር፣ ማለትም በልቡ ሲያዘጋጅ፣ ብቻውን ነው፤ ነገራ በሚባለው ጊዜ ግን መምህሩ ፊት በቃሉ ያሰማል፣ ይታረማል። አንቺም የሚቀጥሉትን ሦስት ታሪኮች ከ400 ቃል አታሳልፊ፤ ግን ጨርሻቸው። ግማሽ ላይ ያለ ታሪክ ለማንም አታሳዪ፤ ገና ላልቆመ ነገር የሚሰጥ አስተያየት ብዙ ጊዜ ታሪኩን ይገድለዋል።

ከሙዚቀኞቹ የከበደውን ሐረግ ነጥሎ በዝግታ መደጋገምን ውሰጂ፦ ንግግር ካስቸገረሽ ታሪክ ሳትጀምሪ ንግግር ብቻ ጻፊ።

ለሬዲዮ ግን ከሁሉ የሚጠቅምሽ የተዋንያን የጠረጴዛ ዙሪያ ንባብ ነው። ጽሑፍሽን ቀድሞ ላላየው ሰው ስጪና ድምፁን እያሰማ ያንብበው። እርሳስ ይዘሽ የተደናቀፈበትን፣ መልሶ ያነበበውንና ትንፋሽ ያጠረውን ቦታ ምልክት አድርጊ፤ አታስረጂው። ራስሽ ካነበብሽው ምላስሽ ስህተቱን አስተካክላ ታልፋለች። የገጸ ባሕርያቱ ስም ሳይነበብ ማን እንደተናገረ መለየት ካልተቻለ፣ ሁሉም በአንቺ አንደበት እያወሩ ነው። ሬዲዮ ላይ ፊት ስለማይታይ ይህ ጉድለት ጎልቶ ይሰማል።

ሥራ ልትጠይቂ ስትሄጂ ያለቁትን ሦስት ታሪኮችና አንድ የአሥር ደቂቃ ድራማ ያዢ፤ የተጀመሩት ቤት ይቆዩ። ድራማውን አስነብበሽ በሰዓት ለኪው እንጂ በገጽ ብዛት አትተማመኚ፤ የበር ድምፅ፣ ሙዚቃና ዝምታም ደቂቃ ይበላሉ።