ትኩሳት ላለበት ሰው ማደንዘዣ ይሰጣል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ24 ዓመቷ እህቴ ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ሆዷን በቀኝ በኩል ያማታል። ሐኪም ቤት ትርፍ አንጀት ነው፣ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል አሉን። ትኩሳት ስላላት ማደንዘዣውን ፈርተን ይዘናት ተመለስን። ከፋርማሲ አሞክሲሲሊንና ዲክሎፌናክ ገዛሁላት። ዛሬ ሕመሙ ቀለል ብሎላታል፤ ትኩሳቱ ግን 39 ገባ። አይጦች ላይ ስለተሠሩ ጥናቶች አንብቤ ግራ ገባኝ። ማደንዘዣ የባክቴሪያን መርዝ ያባብሳል ወይስ ያበርዳል?

መልስ፦ ይህን መኪና ውስጥ ሆነው ያንብቡት። አሁኑኑ ይውሰዷት።

ያስደነገጠኝ "ቀለል ብሎላታል" ያሉት ነው። ያበጠ ትርፍ አንጀት ሲፈነዳ ወጥሮት የነበረው ግፊት ይለቀቃል። ሕመሙ ለጥቂት ሰዓት ጋብ ይላል። ቤተሰብም "ተመስገን፣ ተሻላት" ብሎ ይተኛል። መግሉ ግን ሆድ ዕቃ ውስጥ እየተሠራጨ ነው። ቆይቶ ሕመሙ ሆዷን በሙሉ ይይዛል፤ ሆዷም እንደ ጣውላ ይደርቃል። ስታስል ወይም ታክሲው ኮብልስቶን ላይ ሲንገጫገጭ የምትጮህ ከሆነ ነገሩ ገፍቷል። ትኩሳት እየጨመረ ሕመም ቢቀንስ ተሻላት አይባልም! ዲክሎፌናኩ ደግሞ ሕመሙን ይሸፍነዋል። የአሞክሲሲሊን ኪኒን ብቻውን ለዚህ አይበቃም። መርምሮ "ኦፕራሲዮን" ያለ ሐኪም እያለ ፋርማሲ ምን አስኬደዎት?

የሚፈሩት አትነቃም ብለው ነው፣ አይደል? ትኩሳት ስላላት ብቻ ማደንዘዣ አይከለከልም። የአይጦቹ ጥናትም አያስፈራም። ተመራማሪዎቹ አይጦቹን ከአንዳንድ ባክቴሪያዎች ግድግዳ የሚወጣውን ኢንዶቶክሲን የሚባል መርዝ ይወጓቸዋል። ኬታሚን ወይም ፕሮፖፎል የሚባሉትን ማደንዘዣዎች በደም ሥር ያገኙት ላይ፣ ብግነትን የሚያቀጣጥሉት እንደ ቲኤንኤፍ ያሉ ንጥረ ነገሮች ቀንሰው ታይተዋል። ግን ብዙ ጊዜ ማደንዘዣው የሚሰጠው ከመርዙ በፊት ወይም አብሮ ነው። እህትዎ ሁለት ቀን አልፏታል፤ ባክቴሪያውም በሕይወት አለ። ስለዚህ ማደንዘዣው ያድናታል ብለው አይጠብቁ፤ ይገድላታል ብለውም አይሽሹ።

ባለሙያዎቹ ይበልጥ የሚጠነቀቁት ለደም ግፊቷ ነው። ፕሮፖፎል ግፊት ያወርዳል። ስለዚህ ፈሳሽና አንቲባዮቲክ በደም ሥር ያስቀድማሉ፤ የፕሮፖፎሉን መጠን ይቀንሳሉ፤ ወይም ግፊትን ይዞ የማቆየት ጠባይ ያለውን ኬታሚን ይመርጣሉ። ከኬታሚን ስትነቃ ብትቀባጥር አይደንግጡ፤ ያልፋል።

እስኪያዩዋት ምግብም ውኃም አይስጧት። መጨረሻ የበላችበትን ሰዓት ይንገሯቸው። የመድኃኒቶቹን ፓኬት ይዘው ይሂዱ።