ኔት ለሚቆራረጥበት ጌመር፦ ኤምኤምኦ ወይስ ስፒድረን?

ወንድሜ፣ የጠየቅከው በአጭሩ ይኸው ነው። ላፕቶፕህ ደካማ ነው፣ ኔት ይመጣል ይሄዳል፣ መብራትም እንደዚያው። ኤምኤምኦ፣ ማለትም ብዙ ሰው በአንድ ዓለም ውስጥ አብሮ የሚጫወተውን ኦንላይን አርፒጂ፣ መጀመር አምሮሃል። ጓደኛህ ደግሞ «ተወው፣ ስፒድረን ጀምር» ብሎሃል፤ ጌምን በተቻለ ፍጥነት መጨረስ ማለቱ ነው። አንተ ግን «ስፒድረን ያለቀ ጌም ደጋግሞ መጨረስ አይደል እንዴ? ምኑ ነው የሚጥመው?» ብለሃል። ሁለቱንም ለዓመታት ተጫውቻለሁና የሚመስለኝን ልንገርህ። ረዘም ይላል፣ ታገሰኝ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። አብሮህ የሚጫወት ሰው ካለህ ኤምኤምኦ ግባ። ብቻህን ከሆንክ ስፒድረን ይሻልሃል። ላፕቶፑና ኔቱ ከዚህ በኋላ የሚታዩ ናቸው።

ለምን መሰለህ? ኤምኤምኦ ጌሙ ራሱ ብዙውን ጊዜ አሰልቺ ነው። ይህን ስል የሚቆጣ ይኖራል፣ ይቆጣ። ዛፍ ትቆርጣለህ፣ ዓሣ ታጠምዳለህ፣ ያንኑ አውሬ ስትገድል ትውላለህ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። ይህን ሁሉ የሚያስችልህ ጎን ላይ የሚወራው ወሬ ነው። ክላንህ (የጌም ቡድንህ) ውስጥ አንዱ ስለ ሥራው ያማርራል፣ ሌላው ትናንት የወደቀለትን ዕቃ እያሳየ ያስቀናሃል፣ እጅህ እዚያው ዛፍ ላይ ነው። ወሬው ከሌለ የሚቀርህ ዛፉ ብቻ ነው።

ስሙን ያነሳኸውን ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕን እንየው። ሩንስኬፕ በ2001 ከእንግሊዝ አገር፣ ከካምብሪጅ የወጣ ጌም ነው። የጌሙ ኩባንያ ጄጌክስ ጌሙን እየለዋወጠ ሲሄድ የድሮው የናፈቀው ተጫዋች በዛ። በመጨረሻ ድምፅ አሰጡና ተቀምጦ ከተገኘ የ2007 ቅጂ ላይ አስነስተው በ2013 መልሰው ከፈቱት። ዛሬ በስልክም ይሠራል።

እዚህ ጌም ውስጥ እያንዳንዱ ሙያ ከ1 እስከ 99 ደረጃ አለው። 99 ለመድረስ 13,034,431 ነጥብ ያስፈልጋል። የነጥቡ ግማሽ ስንተኛው ደረጃ ላይ የሚሞላ ይመስልሃል? 50 ላይ? 70 ላይ? አይደለም፣ 92 ላይ ነው። 92 ገብተህ ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለህ ሲልህ አንተ ገና አጋማሽ ላይ ነህ። ከ92 እስከ 99 ያሉት ሰባት ደረጃዎች ከ1 እስከ 92 የለፋኸውን ያህል ያስለፉሃል። ብቻውን ይህን የሚገፋ ሰው አውቃለሁ፣ አከብረዋለሁም፣ አልቀናበትም።

ለእኛ አገር ኔት ግን ከዚህ የሚሻል ኤምኤምኦ አላገኘሁም። ምክንያቱ ቲክ የሚሉት ነገር ነው። ጌሙ ያዘዝከውን የሚፈጽመው በየ0.6 ሰከንዱ አንዴ ነው። አንተ ጠቅ ብታደርግም ለንደን ያለውም ጠቅ ቢያደርግ ሁለታችሁም ቀጣዩን ቲክ ትጠብቃላችሁ። ስለዚህ ፒንግህ (ያዘዝከው ሰርቨሩ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ) 250 ሚሊሰከንድ ቢሆን ብዙም አይጎዳህም። እንደዚህ ባለ ፒንግ ተኩስ ጌም ብትገባ ሰውየውን ሳታየው ሞተህ ታድራለህ። ዳታም ብዙ አይበላም። በስልክ ኢንተርኔት ብቻ የሚጫወቱ አሉ።

መቆራረጡ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ውጊያ መሐል ኔት ቢሄድብህ ካራክተርህ ወዲያው አይወጣም። እዚያው ቆሞ ይቀጠቀጣል። ስለዚህ መብራት የሚያንገራግርበት ሰፈር ከሆንክ ማታ ማታ ዓሣና ዛፍ ላይ ሁን፣ ውጊያውን ኔት ደህና ለሆነበት ሰዓት አቆየው። ሃርድኮር አይረንማን የሚባለውን ደግሞ አትሞክረው። እሱ ከማንም ጋር ሳትገበያይ አንድ ነፍስ ይዘህ የምትጫወትበት ነው። አንዴ ከሞትክ ማዕረጉ ይነሳብሃል። ድራጎን ቢገድለኝ እሺ፣ ትራንስፎርመር ሲገድለኝ ግን አልቀበልም።

ክፍያስ ላልከው፣ ነፃው ክፍል ለመጀመሪያዎቹ ወራት ይበቃሃል። ከዚያ በኋላ አባልነት ያምርሃል፣ የውጭ ካርድ ደግሞ ለብዙዎቻችን የለም። መፍትሔው ቦንድ ነው። ገንዘብ ያለው ተጫዋች ቦንዱን በዶላር ይገዛና ጌሙ ውስጥ ባለው ገበያ በወርቅ ይሸጠዋል። አንተ ያጠራቀምከውን ወርቅ ከፍለህ ትገዛዋለህ፣ 14 ቀን አባል ትሆናለህ። ጥሩ ሥርዓት ነው። ግን ዋጋው ሚሊዮኖች ስለሆነ ጀማሪ ሆነህ በየ14 ቀኑ ለቦንድ ስትሯሯጥ ጌሙ የቤት ኪራይ ይሆንብሃል። መጀመሪያ ወርቅ የሚያስገኝ ሙያ ያዝ፣ አባልነቱን ኋላ አስብበት።

ገበያው አካባቢ «ወርቅህን ስጠኝ፣ እጥፍ አድርጌ እመልስልሃለሁ» የሚል አይጠፋም። ትንሹን እውነትም ይመልስልሃል፣ ትልቁን ይዞ ይጠፋል። «ና ተከተለኝ፣ ጥሩ ቦታ ላሳይህ» ካለህ ደግሞ ተጫዋች ተጫዋችን የሚገድልበት ዊልደርነስ ወስዶ ሊያስገድልህ ነው። በቃ፣ ስለ ሌባ ይህ ይበቃል።

አሁን ጓደኛህ ወዳለው ልምጣ። በመካከል ግን አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። የፍጥነት አባዜ ራሱ ኤምኤምኦ ውስጥ ገብቷል። ዎርልድ ኦፍ ዎርክራፍት በ2016 ሚቲክ ፕላስ የሚባል ነገር አመጣ። አምስት ሆናችሁ ዋሻ ትገባላችሁ፣ ሰዓት ይቆጥራል፣ ሰዓቱ ሳያልቅ ለመጨረስ ትሯሯጣላችሁ። ከጓደኛ ጋር ልብ የሚሰቅል ነገር ነው። ከማታውቀው ሰው ጋር ግን አንድ ጊዜ ከተሳሳትክ ስድቡን አትችለውም።

ከዚህ የባሰው ፋይናል ፋንታሲ 14 ላይ የሆነው ነው። የመጀመሪያው ታሪክ ማብቂያ ላይ ፕሪቶሪየም የሚባል ለስምንት ሰው የተሠራ ዋሻ አለ። ታሪኩ የሚቋጨው እዚያ ነው፣ በየመሐሉም ረጃጅም ትዕይንቶች ይመጣሉ። ነባሮቹ ለዕለት ሽልማት ሲሉ በየጊዜው የሚመላለሱበት ስለሆነ ትዕይንቱን እየዘለሉ ይሮጣሉ። አዲሱ ልጅ ታሪኩን አይቶ ሲነቃ አለቃው (የመጨረሻው ትልቅ ጠላት) ሞቷል፣ ሰዎቹም የሉም። ወራት የለፋበትን መጨረሻ ሳይዋጋ ጨረሰ ማለት ነው። አዘጋጆቹ መላ ሲያጡ ትዕይንቱን ማንም እንዳይዘለው አደረጉት። አሁን ደግሞ ነባሮቹ ጸጉራቸውን ነጩ፤ ያንኑ ፊልም በየቀኑ! በ2022 ነው ለአራት ሰው አድርገው እንደገና የሠሩት። በእኔ እምነት እዚህ ላይ ጥፋቱ የነባሮቹ ነው። መሮጥ የፈለገ ለብቻው ይሩጥ። ስፒድረንን የምወደውም ለዚህ ነው። ማንንም አታስቸኩልም፣ ማንም አይጠብቅህም።

«ያለቀ ጌም መድገም» ላልከው ደግሞ እንከራከር። የ1985ቱን ሱፐር ማሪዮ ብሮስ አስበው። ሰፈር ውስጥ በካርትሪጅ ያልተጫወተው የለም። አሁን ደረጃ የሚያዘልሉትን ዋርፕ ቧንቧዎች ይዘው ከአምስት ደቂቃ በታች ይጨርሱታል። በ2021 ኒፍትስኪ የሚባለው ስፒድረነር ለመጀመሪያ ጊዜ ከ4 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ በታች ገባ። ለመቶኛ ሰከንድ ይህ ሁሉ ግርግር ለምን? ነገሩ ፍሬም ሩል የሚባል ነው። ጌሙ አንድ ደረጃ ጨርሰህ ወደ ቀጣዩ መሻገርህን የሚፈቅደው በየ21 ፍሬሙ (ፍሬም አንድ የስክሪን ምስል ነው) ነው፣ ወደ 0.35 ሰከንድ ገደማ። ስፒድረነሮቹ ራሳቸው በአውቶቡስ ነው የሚያስረዱት። አውቶቡሱ በየ21 ፍሬሙ ይነሳል። አንተ 5 ፍሬም ቀድመህ ብትደርስ ፌርማታ ላይ ቆመህ ትጠብቃለህ እንጂ ምንም አላተረፍክም። ከፊት ያለውን አውቶቡስ መያዝ አለብህ። ከዚህ ሕግ ነፃ የሆነው የመጨረሻው ደረጃ 8-4 ብቻ ነው፣ እዚያ እያንዳንዱ ፍሬም ይቆጠራል። ይህን ካወቅክ በኋላ ያንን ቪዲዮ ተመልሰህ እየው። ሰውየው ባንዲራው ጋ ለምን እንደዚያ ተጠምዞ እንደሚዘል ይገባሃል። ያለቀ ጌም ያልከው ገና አልተጀመረም።

ሁለቱ የሚገናኙበትም ቦታ አለ። ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ ራሱ በ2022 ለስፒድረን የተለዩ ዓለማት ከፍቷል። ኩክስ አሲስታንት የሚባለውን ጀማሪ ተልእኮ ታውቀው ይሆናል። የላምብሪጅ ቤተ መንግሥት ወጥ ቤት ለዱኩ ልደት ኬክ እንቁላል፣ ወተትና ዱቄት አምጡልኝ ይላል። መጀመሪያ ስትጫወተው መንገድ ጠፍቶህ ትዞራለህ። ስንዴ ትለቅማለህ፣ ወፍጮው ላይኛው ፎቅ ትወጣለህ፣ ስንዴውን ትጨምራለህ፣ ማንሻውን ትስባለህ፣ ወርደህ በማሰሮ ዱቄቱን ታፍሳለህ። ሲሮጡት ግን ጥያቄው ይቀየራል። ላሚቱ ትቅደም ወይስ ወፍጮው? የቱ በር ተዘግቶ ይሆን? የቱ ጠቅታ አንድ ቲክ ያባክናል? ያቺው የሕፃን ተልእኮ አንጎልህን ታዞረዋለች።

አንተ የምትጀምረው በየቱ? ማሪዮን ተወው፣ ለጀማሪ ጨካኝ ነው። ሴለስት ክላሲክን ክፈት። ነፃ ነው፣ በብሮውዘር ይሠራል፣ የትኛውም ላፕቶፕ ይሸከመዋል። ማዲ ቶርሰንና ኖኤል ቤሪ በአራት ቀን የሠሩት ነው፣ በኋላ በ2018 የወጣው ትልቁ ሴለስት ከእሱ ነው የተወለደው። 30 ክፍሎች አሉት። ከአቅጣጫ ቁልፎች ሌላ ያለህ መዝለያና ዳሽ (ወደ አንድ አቅጣጫ በፍጥነት መወርወር) ብቻ ነው። ዳሿን አየር ላይ አንዴ ከተጠቀምክባት መሬት እስክትነካ ወይም ፊኛ እስክታገኝ የለችም። ክፍል በገባህ ቁጥር ከፍታህንና ሰዓትህን ጻፍ አድርጎ ያሳይሃል፣ ስለዚህ ለመጀመር ሌላ ሰዓት ቆጣሪ አትፈልግም።

መጀመሪያ ሳትቸኩል ጨርሰው። ብዙ ትሞታለህ፣ አይግረምህ። ከዚያ የአንድ ጎበዝ ሰው ቪዲዮ አንዴ አውርደህ አስቀምጥና ክፍል በክፍል እያቆምክ እይ። ሁሉንም ብልሃት አትኮርጅ፣ እጅህ የሚችለውን ብቻ ውሰድ። ጀማሪ ሰዓት የሚያባክነው ብልሃት ስላጣ አይደለም፣ በየክፍሉ ሲገባ እያመነታ ስለሚቆም ነው። ማመንታትህን ብቻ ብታስወግድ ሰዓትህ ለጉድ ይወርዳል። ከፍ ስትል ላይቭስፕሊት የሚባለውን ነፃ ሰዓት ቆጣሪ አውርድ፣ የቱ ክፍል ላይ እንደምትንቀራፈፍ ቁልጭ አድርጎ ይነግርሃል። ኔት ቢሄድ አይመለከትህም፣ መብራት ቢሄድ ባትሪህ እስኪያልቅ ትሮጣለህ። ሪከርድ ዝርዝር ውስጥ መግባት ከፈለግክ ስክሪንህን ቅረጽና በሌሊት ፓኬጅ ስቀለው። ስፒድረን ዶት ኮም ላይ በፈቃደኝነት የሚሠሩ ሰዎች አይተው ያጸድቁታል።

«ግሊች መጠቀም ማጭበርበር አይደል ወይ?» ላልከው፣ አይደለም። ግሊች ማለት የጌሙ የራሱ ስህተት ነው። ኤኒ ፐርሰንት የሚባለው ምድብ በየትኛውም መንገድ ጨርስ ነው፣ ግድግዳ ውስጥ ብትገባም መብትህ ነው። ግሊች የማይወድ ግሊችለስ የሚባል ምድብ አለው። ማጭበርበር የሚባለው ቪዲዮ መቀጠል ወይም ጌሙን መነካካት ነው። በ2020 በማይንክራፍት አንድ ዝነኛ ዩቲዩበር ሪከርዱ ውድቅ የሆነበት ለዚህ ነው። ወርቅ ሰጥቶ የሚቀበለው ኢንደር ፐርል የሚባል ዕቃ በዕድል ሊመጣ ከሚችለው በላይ ይበዛ ነበር። የሚያጸድቁት ሰዎች ሂሳቡን ሠርተው አወጡት።

ቤተሰብ «ምን ይጠቅምሃል» ካለህ ጌምስ ደን ኩዊክን አሳያቸው። ከ2010 ጀምሮ ስፒድረነሮች ተሰብስበው ለቀናት ሳያቋርጡ እየሮጡ መዋጮ ያሰባስባሉ፣ በፈረንጆቹ ሰመር የሚደረገው ዝግጅት ገንዘብ ለድንበር የለሽ ሐኪሞች ነው የሚሄደው። እናቴን አላሳመናትም፣ ያንተን ግን እንጃ።

ጆይስቲክ ልግዛ ወይ ላልከው አሁን አትግዛ። ለሴለስት ክላሲክ ኪቦርድ ይበቃል። ብቻ አንዳንድ ርካሽ ኪቦርድ ሦስት ቁልፍ አንድ ላይ ስትጫን አንዱን ይውጣል። ወደ ላይ፣ ወደ ጎንና ዳሽ አንድ ላይ ተጭነህ ሞክረው። ከዋጠብህ ከጌሙ ቁልፎች መካከል ሌላ አማራጭ ቁልፍ ተጠቀም።