በካሊፎርኒያ ፌሎኒን (ከባድ ወንጀልን) ወደ ሚስዲሚነር (ቀለል ያለ ወንጀል) ስለማስቀነስ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ወንድሜ በፌሎኒ ተከሷል። ወደ ሚስዲሚነር እንዲቀነስለት መቼ መጠየቅ ይችላል?

መልስ፦ አስቀድሞ አንቀጹ በሁለቱም መንገድ የሚያስቀጣ፣ ጠበቆች «ዎብለር» የሚሉት ዓይነት መሆን አለበት። ከባድ ስርቆት አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው፤ ዝርፊያ ግን አይደለም። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 17 ንዑስ አንቀጽ ቢ መሠረት ዐቃቤ ሕጉ ከጅምሩ በሚስዲሚነር ሊከስ ይችላል፤ ዳኛውም በቅድመ ምርመራ ችሎት፣ በቅጣት ውሳኔ ቀን፣ ወይም ፕሮቤሽን (በፍርድ ቤት ክትትል ሥር መቆየት) ከተሰጠ በኋላ በሚቀርብ አቤቱታ ሊቀንሱት ይችላሉ። የስቴት እስር ቤት ቅጣት ከተወሰነበት ግን ይህ መንገድ ይዘጋል። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1997 እንዳብራራው፣ የሚመዘነው የወንጀሉ ዓይነትና አፈጻጸም፣ ተከሳሹ ስለ ድርጊቱ ያለው አመለካከትና ጠባዩ በመሆኑ፣ ካሳ የከፈለበት ደረሰኝና የአሠሪው ደብዳቤ ከአቤቱታው ጋር ይያያዙ። ዜጋ ካልሆነ «ጥፋተኛ ነኝ» ከማለቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር።

ጥያቄ፦ የእኔስ ይቀነስ ይሆን?

መልስ፦ የአንቀጹን ቁጥር ሳይጽፉ መመለስ አልችልም።

ጥያቄ፦ በትዳር ጠብ ተከስሻለሁ። ሽማግሌ ልኬ ባለቤቴ ይቅር ካለችኝ ክሱ አይዘጋም?

አንድ አባል፦ ይዘጋል እንጂ፤ የንስሐ አባት ገብተው የታረቁ አውቃለሁ።

ሌላ አባል፦ እርቁ ለትዳሩ ነው። ከሳሹ መንግሥት እንጂ ሚስት አይደለችም።

መልስ፦ ሁለተኛው አባል ትክክል ናቸው። ደግሞም ዳኛው የሰጡት የጥበቃ ትእዛዝ በቀጥታም ሆነ በሦስተኛ ሰው በኩል መገናኘትን የሚከለክል ከሆነ፣ ሽማግሌ መላክዎ ራሱ ትእዛዝ መጣስ ሆኖ አዲስ ክስ ሊያመጣብዎ ይችላል። እባክዎ፣ ሽማግሌዎቹ እግራቸውን ከማንሳታቸው በፊት ትእዛዙን ለጠበቃዎ ያሳዩ።

ጥያቄ፦ ሚስዲሚነር ከሆነ ግሪን ካርዴን አይነካም ተብያለሁ።

መልስ፦ ብዙ ቤተሰብ የተጎዳው ይህን በማመን ነው። ኢሚግሬሽን የሚጠይቀው የራሱን ጥያቄ ነው። ካሊፎርኒያ ከ2015 ጀምሮ የሚስዲሚነርን ከፍተኛ ቅጣት 364 ቀን ያደረገችው፣ አንድ ዓመት የሚያስቀጣ ወንጀል ለመባረር ምክንያት ሊሆን ስለሚችል ነው፤ ነገር ግን የኢሚግሬሽን ይግባኝ ሰሚ ቦርድ ይህ ለውጥ ከ2015 በፊት በተሰጡ ፍርዶች ላይ ወደ ኋላ እንደማይሠራ በ2018 ወስኗል። በትዳር ጓደኛ ላይ ጉዳት ማድረስን የሚመለከተው አንቀጽ 273.5 ደግሞ ቢቀነስም ለመባረር ሊያበቃ ይችላል። በ2010 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከላካይ ጠበቃ ስለዚህ አደጋ ደንበኛውን የማማከር ግዴታ እንዳለበት ወስኗልና፣ ጠበቃዎን ሳያፍሩ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ከተቀነሰ ኢሚግሬሽን ያየዋል?

መልስ፦ አሁን መልሻለሁ። ከላይ ያንብቡ።

ጥያቄ፦ የአንቀጹን ቁጥር አግኝቻለሁ፤ 487፣ ከባድ ስርቆት ነው። የተሰረቀው መኪና ወይም የጦር መሣሪያ አይደለም፤ ፕሮቤሽኔንም ጨርሻለሁ።

መልስ፦ እንዲህ ሲጠየቅ መልስ መስጠት ይቻላል። አንቀጹ ዎብለር ነው። ሲአር-180 የተባለውን ቅጽ ሞልተው ለፈረደብዎ ፍርድ ቤት ያስገቡ፤ ቅጂውም ለዐቃቤ ሕጉ ይድረስ። ዜጋ ካልሆኑ ግን ከማስገባትዎ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ።